ቁርስ አንድ ሰዓት ነው ወይስ ሰባት?

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቀፊራ ገበያ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስድስት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ወንድ ልጅ አለን፣ ኬጂ ሦስት ነው። አማቴም አብራን ነው የምትኖረው። ነገሩ ለሰው ሲያወሩት ተራ ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ልጄ ሰዓት ማንበብ እምቢ አለው። ትምህርት ቤት ከጀመሩት ወር አልፏቸዋል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ይዞ መጣ። የሰዓት ሥዕል አለ፣ ከሥሩ «ቁርስህን ስንት ሰዓት ትበላለህ?» ይላል፣ ቆጣሪዎቹን ልጁ ራሱ ነው የሚሥለው። እኔ ሱቅ ነበርኩ። አያቱን ጠየቃት፣ «አንድ ሰዓት ነዋ» አለችው፣ አጭሩን ቆጣሪ አንድ ላይ ሣለው። በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበት መጣ፤ ከጎኑ ሰባት ቁጥር ተጽፏል።

እኔም «ሰባት ነው፣ ሰባት በል» ብዬ ሳስጠናው አመሸሁ። ጠዋት ቁርሱ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን አየና «ሰባት አይደለም እኮ፣ አንድ ነው» አለኝ። ቸኩያለሁ፣ ባጃጁ ውጪ ክላክስ ያደርጋል፣ ሻዩ ፈሷል። ቆነጠጥኩት። እያለቀሰ «ታዲያ የምትዋሸው ቲቸር ናት እማማ ናት?» አለኝ። እማማ የሚላት አያቱን ነው። ምን ልበለው? እስካሁን አልመለስኩለትም።

ሌላም አለ። ረጅሙ ቆጣሪ ጨርሶ አልገባውም፤ ሦስት ላይ ሲሆን «ሦስት ደቂቃ» ይላል። «ሩብ ጉዳይ» ስለው «የማን ጉዳይ?» ይለኛል። አቦ፣ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ለእሱ ብዬ የሚያምር የግድግዳ ሰዓት ገዝቻለሁ፣ ወርቃማ ነው፣ ቁጥሮቹ በሮማን ናቸው። የጎረቤት ልጅ በእሱ ዕድሜ ጥርት አድርጋ ታነባለች። አማቴ «ልጁን በፈረንጅ ሰዓት አታደናብሩት» ትላለች። ባለቤቴ ሲደውል ደግሞ «የጅቡቲውን ይልመድ፣ የሚጠቅመው እሱ ነው» ይላል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማሊኛ ሲጫወት ይውላል፣ ወተት ከምታመጣልን ሴትዮ ጋር በኦሮምኛ ያወራል።

ግን ቀኑን ሙሉ «ስንት ሰዓት ነው? ስንት ሰዓት ቀረ?» እያለ ያደርቀኛል። እነግረዋለሁ፣ መልሶ ይጠይቃል፣ በተለይ አባቱ መንገድ ላይ ሲሆን ይብስበታል። «አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ» ስለው ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። አንደኛ ክፍል ሊገባ ነው። የቱን ሰዓት ላስተምረው?

እናት ነኝ፣ ከሳቢያን

——

የሳቢያኗ እህቴ፣

«እርስዎ» ብዬ ብጀምር ድሬ በሙሉ ይስቅብኛል፣ ስለዚህ አንቺ ልበልሽ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ «የማን ጉዳይ?» የሚለው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን የያዘችኝ ያቺ ሌላዋ ጥያቄ ናት፣ «የምትዋሸው ቲቸር ናት እማማ ናት?» ያለው። ከእሷ እንጀምር፣ ሌላው ይደርሳል።

ልጅሽ ልክ ነበር። ቁርሱን የሚበላው አንድ ሰዓት ነው። ግድግዳችሁ አንድ ይላል፣ አያቱ አንድ ትላለች፣ አንቺም ደንበኛ ስትቀጥሪ በዚያው ነው የምታወሪው። እሱ ያየውን ሣለ። እንዲያውም ብዙ ልጅ በዚህ ዕድሜ የማያደርገውን ነው ያደረገው፤ ወረቀት ላይ ያለውን ሰዓት ከራሱ ቁርስ ጋር አገናኘው። አገናኝቶ ኤክስ ተቀበለ፣ ቀጥሎ ቁንጥጫ። እኔ ብሆን ሰዓት ወዳለበት ግድግዳ ሁለተኛ ዞር ብዬ አላይም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ እግሩን ስታጥቢው ወይም ሊተኛ ሲል፣ እንዲህ በይው፦ «ያ የቤት ሥራ ትዝ ይልሃል? ልክ ነበርክ። ቲቸርም አልዋሸችም፣ እማማም አልዋሸችም። የቆነጠጥኩህ ቸኩዬ ነው፣ ይቅርታ።» በቃ ይኸው ነው። ማብራሪያ አትደርድሪበት። «እንዴት ሁለቱም ልክ ይሆናሉ?» ማለቱ ግን አይቀርም። ያኔ መልሱ እጅሽ ላይ ነው፣ ራስሽ ነሽ የጻፍሽልኝ።

ልጁ ከጎረቤት ልጆች ውሃ ሲጠይቅ «ቢዮ» ይላል አይደል? የወተቷን ሴትዮ «ቢሻን» ይላታል። አንቺን «ውሃ» ይልሻል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው አንድ ነው፣ ማንም ማንንም አልዋሸም። ማን ያስተማረው አለ? ማንም። ከማን ጋር ምን እንደሚወራ ራሱ ለየ። ቁርስም እንደዚያው ነው፣ ከእማማ ጋር አንድ ሰዓት፣ ከቲቸር ጋር «ሰቨን ኦክሎክ»። የድሬ ልጅ እኮ ይኼ አይከብደውም። የሌላ ከተማ ልጅ ቢሆን እኔም እሰጋለት ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ነገሩን ያደፈረሰችው ቲቸርም አይደለችም፣ እማማም አይደለችም። «ሰባት በል» ያልሽው ነው። «ሰባት ሰዓት» በአማርኛ ምሳ ተበልቶ፣ ድሬ በር ዘግታ፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ያለበት ሰዓት ነው። ልጁ ያንን ያውቃል፣ በላቡ ያውቀዋል። ጠዋት ቀዝቀዝ ባለው አየር ዳቦውን ይዞ «ሰባት ሰዓት ነው» ስትይው በሶማሊኛው ብርጭቆ ላይ የአማርኛ ስም ለጠፍሽበት ማለት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ አንድ ደንብ ይኑራችሁ፤ በአማርኛ ስትናገሩ የኛ ሰዓት፣ የፈረንጁ ሰዓት ደግሞ በእንግሊዝኛው ስሙ ብቻ። «ሰቨን» ይባል፣ «ሰባት» አይባል። አባቱም ሲደውል ይኼንኑ ይጠብቅ። ደንቡ ቀላል ይመስላል፣ የሚያስቸግረው እኛን ትልልቆቹን ነው።

እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ። አንድ ጊዜ ለስልጠና ተጠራሁ፣ ወረቀቱ 7:30 ይላል። ሰባት ተኩል ነው ብዬ ጠዋቱን ልብስ ሳጥብ አረፈድኩ፣ ተኩሼ ለበስኩ፣ በዚያ ጠራራ ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ወንበር በወንበር ላይ እየደረበ ነው። «ስልጠናው የት ነው?» አልኩት። «አለቀ እኮ» አለኝ። ለካስ በፈረንጅ ኖሯል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ከሆንኩ ስድስት ዓመት ከአራት ወሩ ምን ይፈረድበታል?

አሁን «የቱን ሰዓት?» ወዳልሽው። በእኔ ይሁንብሽ፣ የኛውን አስቀድሚ። ባህላችን ስለሆነ ብዬ አይደለም። እኛ አገር ለሕፃን የሚቀለው እሱ ስለሆነ ነው። የድሬ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትገባለች። በዓመት ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ነው፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን። ስለዚህ ልጁ ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር ይጀምራል፤ አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ፣ ሁለት ማለት ሁለት፣ ስድስት ሲሞላ አናት ላይ ናት። ይኼ የሚታይ ነገር ነው። የፈረንጁ ቆጠራ የሚነሳው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እሱ ተኝቶ እያለ። ለአማትሽ ንገሪያት፣ ትደሰታለች። ባለቤትሽ «የሀበሻ ነገር» ካለሽ ደግሞ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ እንደሚቆጥሩ ንገሪው። እነሱም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ «ሳአ ሞጃ» ነው የሚሉት፣ አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን አቁሚውና ጥላውን በጠመኔ አስምሪበት። አራት ሰዓት ላይ እዚያው ይቁም፣ ስድስት ሰዓት ላይም እንዲሁ። ጥላው ሲያጥር ሲያይ ያብዳል። የድሮ ሰዎች ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር፣ አማትሽ ስለዚህ ሳትሰማ አትቀርም፣ ጠይቂያት። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ብትሞክሩት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ጥላው እግሩ ሥር ገብቶ ይጠፋበታል፣ ፀሐይዋ ድሬ አናት ላይ ቀጥ ትላለችና።

«ታዲያ ትምህርት ቤትስ?» ትይኛለሽ። እዚህ ላይ የሚያረጋጋሽ ነገር አለ። ሰዓት ማንበብ አንድ ችሎታ ነው፣ ሁለት አይደለም። አጭሩ ሰባት ላይ ረጅሙ አስራ ሁለት ላይ የሆነ ሥዕል ሲያይ «ሰቨን ኦክሎክ» ካለ ጨርሷል፣ በአማርኛም ሰባት ሰዓት ነው። ሥዕል ንባብ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ የሚመጣው ሰዓቱ ከኑሮ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው፣ ስትነሳ፣ ስትበላ፣ ስትተኛ ሲባል። ስለዚህ ከቲቸሯ ጋር ስታወሪ ስለ ኤክሱ ክስ ይዘሽ አትሂጂ። ልጁን ስታስረክቢ በር ላይም አይሁን። አምስት ደቂቃ ለምኛትና «ቤት የምንቆጥረው በኛ ሰዓት ነው፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲኖር በየትኛው እንደሆነ ብትነግሪው ደስ ይለኛል» በያት። ምናልባት እሷም አላሰበችበትም ይሆናል፣ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ ያለውን ነው የሰጠችው። ስንት ልጅ እንደያዘችም አስቢ።

ስለ መቀነስና መደመር ለልጁ አሁን ምንም አትንገሪው። ለራስሽ ግን ይኸውልሽ፣ ትይዩውን እያየሽ ነው። አንድ ፊት ለፊቱ ሰባት አለ፣ ሁለት ፊት ለፊቱ ስምንት፣ ሦስት ፊት ለፊቱ ዘጠኝ። አጭሩ ቆጣሪ ጭራ ቢኖረው ጭራው የሚጠቁመው የሌላኛውን ሰዓት ነበር። ረጅሙ አይለወጥም፣ ደቂቃው ያው ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ይኼን አሳዪው፣ አስማት ይመስለዋል።

ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩን ብትተዪው ደስ ይለኛል። ለብዙ ዓመት ከትንንሽ ልጆች ጋር ውያለሁ። ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ ከልጅ የሚጠበቀው ሙሉ ሰዓትና ተኩል ነው፣ የውጪዎቹም ሥርዓተ ትምህርት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሩብና አምስት አምስት ደቂቃው ቀጥሎ ነው የሚመጣው። «ሩብ ጉዳይ» ደግሞ ከሁሉም በኋላ። አስቢው እስቲ፣ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ስንል ገና ያልመጣውን ሰዓት ነው የምንጠራው፣ ከዚያ የጎደለውን እንነግረዋለን። ልጁ ሰዓቱን ሲያይ ሦስት የለም። «የማን ጉዳይ?» ማለቱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለጊዜው ጉዳዩን እርሺው፣ «ሦስት ሊሆን ነው» ብትዪው ይበቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ያ ወርቃማው ያምራል ብለሻል፣ አምናለሁ። ግን ልጁ አኃዙን ገና በቅጡ እየጻፈ በሮማን ቁጥር ሰዓት አንብብ ማለት ፊደል ያልጨረሰን ሰው ቅኔ ዝረፍ እንደማለት ነው። ሌላ ርካሽ የፕላስቲክ ሰዓት ግዢ፣ ከአንድ እስከ አስራ ሁለት ቁጥሮቹ በትልቁ የተጻፉበት። ከዚያ ይኼን ስልሽ አትደንግጪ፣ መስታወቱን አንሺና ረጅሙን ቆጣሪ ንቀዪው። አዎ፣ ንቀዪው። የሴኮንዱንም። አጭሩ ብቻውን ይቅር። ባትሪውን ከተሽ ልጁ ከአልጋው የሚያየው ቦታ ላይ ስቀዪው።

ለምን መሰለሽ? ሰዓቱን የሚነግረን አጭሩ ነው። ረጅሙ የሚያደርገው ማጥራት ብቻ ነው። ልጆች ግን ረጅሙ ትልቅ ስለሆነ ዋናው እሱ ይመስላቸዋል። አጭሩ ብቻውን ሲሆን ልጁ «ሁለትን አልፏል፣ ሦስት ጋ አልደረሰም» ማለት ይለምዳል። ሁለትና ሦስት መሃል ላይ ሲቆም «ሁለት ተኩል» ለማለት ምንም አይቀረውም። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆዩ። ደግሞ አታስጠኚው። ፈተና አታድርጊበት። በየመሃሉ «እስቲ ምን ጋ ደረሰ?» በይው፣ እንደ ዘበት፣ ሽንኩርት እየከተፍሽ።

ረጅሙ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ሱቅሽን ተጠቀሚበት። አስራ ሁለት የአምስት ብር ኖት ያዢ። ወለሉ ላይ ትልቅ ክብ በጠመኔ ሥሪ፣ ቁጥሮቹን ይጻፍ፣ በየቁጥሩ ላይ አንድ አንድ አምስት ብር ያስቀምጥ። ከዚያ ይቁጠር፦ አምስት፣ አስር፣ አስራ አምስት። ረጅሙ ቆጣሪ ሦስት ላይ ሲደርስ ስንት ብር ሰብስቧል? አስራ አምስት። ዙሩን ሲጨርስ? ስልሳ። የነጋዴ ልጅ ነው፣ ብር ላይ አይሳሳትም። «ሦስት ደቂቃ» ማለቱን በዚያው ይተዋል ብዬ አስባለሁ። ብሩን መልሶ ይስጥሽ አይስጥሽ ግን በእናንተ መሃል ነው።

አሁን እኔን የበለጠ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ» ስለው ወዲያው ይመለሳል ብለሻል። እስቲ በእውነት፣ ያ አምስት ደቂቃ ስንት ደቂቃ ነው? ደንበኛ ስታናግሪ አምስት ደቂቃ አርባ ይሆናል። ስልክ ላይ ሆነሽ «አንድ ደቂቃ» ስትይው ቡና ይፈላል። ከቤት ስትወጪ «መጣሁ» ብለሽ ማታ ትመለሻለሽ። አንቺን ብቻ ማለቴ አይደለም፣ ሁላችንም ነን፣ እኔም ይኼን እየጻፍኩ ልጄን «መጣሁ» ካልኳት ቆየሁ። ልጅ ደቂቃን የሚማረው ከግድግዳ አይደለም፣ ከአፋችን ነው። እስካሁን ከአፋችን የሰማው ደቂቃ ርዝመት የለውም። ስለዚህ ሄዶ ይመለሳል፣ ይሞክረናል፣ ምናልባት አሁን አልቆ ይሆናል ብሎ።

ሁለት የውሃ ሀይላንድ ፈልጊ፣ ትንንሾቹን። ክዳኖቻቸውን ጀርባ ለጀርባ አጣብቂና በጋለ ምስማር መሃላቸውን ብሺ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የጠፋበት የድሬ ቤት የለም። በሻይ ማጥለያ ንፊው፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቂው፣ እርጥበት ካለው ቀዳዳው ላይ ይነክሳል። (አሸዋውን ልጁ ራሱ ካላመጣሁ ቢልሽ ዝናብ ባለበት ወቅት እንዳትልኪው፣ የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም።) አንዱን ጠርሙስ ግማሽ ሙዪው፣ ሌላውን ገልብጠሽ ግጠሚበት፣ በፕላስተር ጠቅልዪው። በስልክሽ ለኪ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ካለቀ አሸዋ ጨምሪ፣ ካለፈም ቀንሺ። ይኼን ከእሱ ጋር ሆናችሁ ሥሩት፣ ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈጀው፣ ምናልባት ሁለት ከሰዓት። እየጨመራችሁ እየቀነሳችሁ እያለ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ እጁ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ጠርሙሱን ለእሱ ስጪው። እሱን የምታስጠብቂበት ሳይሆን እሱ አንቺን የሚለካበት ይሁን። «አምስት ደቂቃ» ባልሽ ቁጥር ይገልብጠው። አሸዋው ሲያልቅ ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ። ካልቻልሽ ደግሞ ቀድመሽ «ሁለት ጊዜ ገልብጥ» በይው። መጀመሪያ ላይ ታፍሪያለሽ። እኔ አፍሬያለሁ። ግን ልጁ ቆሞ አሸዋውን ማየት ሲጀምር፣ ሄዶ መመለሱን ሲተው ታያለሽ። ትዕግሥት የለውም ስንለው የነበረው ልጅ ለካ የሚጠብቀው ነገር መጨረሻው አይታየውም ነበር።

ይኼ ነው ወደ አባቱ የሚወስደኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አባቱ ቤት ሲሆንም እንዲሁ «ስንት ሰዓት ቀረ?» እያለ ይውላል? «በተለይ አባቱ መንገድ ላይ ሲሆን» ብለሻል፣ ስለዚህ መልሱን የምታውቂው ይመስለኛል። ነግሬው አይገባውም ያልሽውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም የሚጠይቅሽ ሰዓት አይደለም። «አስር ሰዓት ነው» ስትዪው እሱ የፈለገው መልስ እዚያ ውስጥ የለም። ሌላ ጊዜ ሲጠይቅሽ ሰዓቱን ትነግሪውና «አባባ ናፈቀህ?» በዪው፣ ምን እንደሚል ስሚ።

አባቱ የሚመጣበትን ቀን ራሱም አያውቀውም፣ ይኼ ይገባኛል። ጅቡቲ ጭነት ይጠብቃል፣ ድንበር ላይ ወረፋ አለ፣ መኪና ይበላሻል። ስለዚህ «ሁለት ቀን ቀረው» አትበዪው። የቀረውን መቁጠር ሲበላሽ ልጁ ሁለተኛ ቁጥር አያምንም። የሄደውን ቁጠሩ። አንድ የመስታወት ዕቃ አዘጋጂ፣ አባቱ የወጣ ዕለት ማታ የባቢሌ ኦቾሎኒ አንድ ፍሬ ይጨምርበት፣ ከነቅርፊቱ። በየማታው አንድ። አባቱ በር ሲያንኳኳ አብረው አውጥተው ይቁጠሩና ይብሉት። ይኼ አይዋሽም፣ አባቱ ቢዘገይም አይዋሽም፣ ኦቾሎኒው ነው የሚበዛው። «ትናንት» እና «ከትናንት ወዲያ» የሚያምታታው ከሆነም (በዚህ ዕድሜ ያምታታል፣ አይግረምሽ) በዚያው ይጠራለታል።

የስልኩ ነገርም አለ። አባቱ «አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ሲል የጠዋቱ ነው የማታው? በኛ ነው በጅቡቲ? ልጁ የቱን ሲጠብቅ እንደሚውል አስቢ። ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ሰዓት አይጥራ። «የመግሪብ አዛን ካለ በኋላ» ይበል፣ ወይም «እራትህን በልተህ ስትጨርስ»። አዛኑን ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ሳቢያን ያለ ሁሉ ይሰማል። ደግሞ እደውላለሁ ካለ ይደውል። የማይመች ከሆነ ቀድሞ «ዛሬ አልደውልም» ይበል፣ ያም ይሻላል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት እንዳትጀምሪ። ዛሬ ይቅርታው፣ ነገ ኦቾሎኒው፣ ቅዳሜ ጥላው። አሸዋው ሱቅ የማትከፍቺበት ቀን ይሁን። ባለ አንድ ቆጣሪውን ሰዓት ግን ቶሎ ብትገዢው ጥሩ ነው፣ ቀፊራ ራስሽ ነሽ የምታውቂው የት ርካሽ እንደሚገኝ። ወርቃማው ሳሎን ይቆይ፣ እንግዳ ሲመጣ ያምራል። ከአንድ ወር በኋላ ጻፊልኝ፣ ኦቾሎኒው ስንት ፍሬ ላይ ደርሶ እንደተበላ ማወቅ እፈልጋለሁ።